የጠፋችው የኒዮን መስመር

ባለፈው ሳምንት ቤቴል ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ አንዲት ተማሪዬ ስልኳን ዘርግታ፣ «ቲቸር፣ ይሄ እውነት ነው ወይስ ሰው የሠራው?» አለችኝ። በጠፈር ቴሌስኮፕ የተነሣ የጋላክሲ ምስል ነበር። እውነተኛ መሆኑን ነገርኳትና ታክሲ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ግን ጓደኛዬን በጎሪጥ ያየሁበት ያ ክረምት ከሐሳቤ አልወጣም።

ያኔ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነበር። ኮምፒውተር አልነበረኝም። የክፍል ጓደኛዬ ከድር ግን ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከአባቱ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው፤ ተራ እየገባን እንጠቀምበታለን። ከፌርማታው እስከ ሱቁ ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ነው። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ስገባ እናቱ እትዬ ዘሃራ ቆጮ በአይብ ያመጡልኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንዳችን የአንዳችንን ድምፅ አንሰማም ነበር።

የምንመረምረው ቴሌስኮፕ ሰብስቦት ለሁሉም የተለቀቀ፣ ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን መረጃ ነው። የጋላክሲ ብርሃን ተዘርዝሮ ሲሳል እዚህም እዚያም «መስመር» የምንላቸው ቀጫጭን ጉብታዎች ይወጣሉ፤ አንዱ የኦክስጅን፣ ሌላው የኒዮን ምልክት ነው። እኔ የምፈልገው አራት ኤሌክትሮኖቹን የተነጠቀ ኒዮን ነበር። የተራ ከዋክብት ብርሃን ኒዮንን እንዲህ ማራቆት አይችልም። ስለዚህ ያ መስመር ከተገኘ፣ ከአቧራው ጀርባ በዙሪያው ያለውን የሚውጥ ጥቁር ጉድጓድ አለ ማለት ነው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት አገኘኋት። ትንሽ ጉብታ ናት፤ ግን አለች! ለከድር ሳሳየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ፣ «እስቲ እኔም ልያት» አለ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

ሰኞ መጥቼ ፋይሉን ስከፍት ቦታው ልሙጥ ነው። መስመሯ የለችም።

ለከድር ምንም አልነገርኩትም። ብቻ እከታተለው ጀመር። ስገባ የሚያየውን ገጽ ከዘጋ፣ ልብ እላለሁ። ስለ ሥራዬ ካልጠየቀኝ፣ እሱንም ልብ እላለሁ። ሐሙስ ዕለት አማካሪያችን ቢሮ ስገባ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ወረቀት አየሁ፤ የእኔ ጋላክሲ ስም በከድር የእጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል።

በማግስቱ ፌርማታው ላይ ያዝኩት። ረዳቶቹ ከአጠገባችን «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያሉ ይጮሃሉ።

«ሥራዬን በስምህ ልታቀርበው ነው አይደል?» አልኩት።

«ምን?»

«መስመሯን አጥፍተሃል። ለእሳቸው የሰጠኸውንም ወረቀት አይቻለሁ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ቴሌስኮፑ ጋላክሲውን በብርሃን መቀበያው ላይ ሁለት ቦታ እያደረገ ነው ያየው» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለቱን ለየብቻ አይተሻቸዋል?»

አላየኋቸውም። ደምሬ ነበር የሣልኳቸው።

«ጉብታዋ ያለችው በአንዱ ብቻ ነው። መቀበያው ላይ የተበላሸ ነጥብ አለ፤ ጉብታዋን የፈጠራት እሱ ነው። ተሳስቼ ልብሽን እንዳልሰብር ብዬ መጀመሪያ እሳቸውን ጠየቅኳቸው።»

አላመንኩትም። ይህንንም አዘጋጅቶት ይሆናል አልኩ። ቤቴል ያለ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ፣ መብራት እየጠፋና እየመጣ፣ ዋናውን መረጃ በሦስት ቀን እንደገና አወረድኩ። ሁለቱን ለየብቻ ሣልኩ። በአንዱ አለች፤ በሌላው የለችም።

ወደ ሱቁ ተመልሼ የከድርን ኮምፒውተር ስከፍት «የትዕግሥት ዋናው፣ አይነካ» የሚል ፎልደር አገኘሁ። የዓርቡ ፋይሌ እንዳለ ተቀምጧል። ሰኞ የከፈትኩት እሱ ያጸዳውን ቅጂ ነበር።

እያለቀስኩ ይቅርታ ጠየቅኩት። «መጠርጠርሽ ምንም አይደለም» አለኝ። «ግን ሳምንቱን ሙሉ ከእናቴ እጅ እየበላሽ በልብሽ ሌባ ትዪኝ ነበር። አንዴ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

መመረቂያዬ ላይ «መስመሯ አልታየችም» ብዬ ጻፍኩ፤ በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ከከድር ጋር ግን ከዚያ ወዲህ አብረን ሠርተን አናውቅም።

አሁን እሱ ክፍለ ሀገር ነው የሚያስተምረው። በዒድ እኔ እደውልለታለሁ፣ በፋሲካ እሱ ይደውልልኛል። ይስቃል፤ ስለ ልጆቼ በየስማቸው እየጠራ ይጠይቀኛል። እኔ ግን እያወራሁት ከድምፁ ውስጥ ቂም እፈልጋለሁ። እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። ማዳመጤን ግን መተው አቃተኝ።