ሻይ ቅጠሉ ገና አልገባም

የብርቱካን ልጣጭ ከቅርንፉድ ጋር ሲፈላ የሚወጣው ሽታ የትም ቦታ ካገኘኝ ሱሉልታ፣ እናቴ ቤት ይመልሰኛል፤ ሌላው ሰው «እንዴት ደስ ይላል!» ሲል የእኔ ሆድ ይባባል።

አባቴ ከአዲስ አበባ ፍራፍሬ እየጫነ ፍቼ ድረስ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነበር፤ ሲመለስም የተጨፈለቀውን ብርቱካን፣ አንዳንዴም አናናስ፣ በጆንያ ይዞልን ይገባ ነበር። እናቴ ደህና ደህናውን ቆርጣ ታበላኝና ልጣጩን በሲባጎ ሰክታ ከምድጃው በላይ ታደርቀው ነበር። ሰኔ ገብቶ የሱሉልታ ብርድ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ፣ ልጣጩን ከዝንጅብል፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር በራድ ውስጥ ከትታ ከሰል ላይ ትጥደዋለች፤ ሻይ ቅጠሉን ግን አትጨምርም። «ቅጠል የሚገባው ሰው ሲሟላ ነው» ትል ነበር፤ ቀድሞ ከገባ ሻዩ ይመራል፣ የዘገየውም ሰው እንደ ተረፈ ሰው ይቆጠራል። አባቴ ደጃፉ ላይ ጭቃውን ሲያራግፍ እሷ የቅጠሉን ቆርቆሮ ትከፍታለች፤ እሱም ካፖርቱን ሳያወልቅ «ጨመርሽ?» ይላታል፣ ለሦስታችን ይቀዳል፣ አለቀ። እኛ ቤት ፍቅር ማለት ይኸው ነበር፣ ሌላ ንግግር የለም።

አንድ ክረምት አባቴ መዘግየት ጀመረ። መጀመሪያ መንገዱ ተበላሸ፣ ቀጥሎ መኪናው ተበላሸ፣ ቀጥሎ ምክንያቱም ቀረ። እናቴ በራዱን ትጥዳለች፣ ውሃው ይጎድላል፣ ትጨምርበታለች፣ ደግሞ ይጎድላል።

«እማ፣ በረደኝ እኮ!»

«ትንሽ ታገሺ፣ አሁን ይመጣል።»

የመኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር ሁለታችንም ወደ በሩ እንዞር ነበር፤ መኪናው ግን ወደ ጫንጮ ያልፋል። ቅጠል ያልነካውን ውሃ ጠጥቼ እተኛለሁ። እህት የለኝ፣ ወንድም የለኝ፣ ማንን ልጠይቅ?

መስከረም ላይ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ፣ በዚያው መስመር መኪና የሚነዱት፣ «አካም ጅርቱ?» ብለው ገቡ። ቁጭ በሉ ቢባሉም እምቢ ብለው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ።

«አስካለ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው» አሏት። «ሰውየው ፍቼ ትዳር ይዟል። ቤትም ሠርቷል።»

እናቴ አላለቀሰችም። «ይቀመጡ እንጂ ኦቦ፣ ሻይ ይደርሳል» ብቻ አለቻቸው። ሻዩ የት ይደርሳል! ሰውየው ከሄዱም በኋላ በራዱ እንደተጣደ ነበር፣ ቅጠሉም እንደቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ ያወቀውን እሷ ብቻ ያልሰማች ይመስል፣ መስከረሙንም ጥቅምቱንም እንዲሁ በሩን ስታይ ከረመች። ሆድ ይፍጀው ብላ ነው መሰለኝ።

ኅዳር ሲገባ ሣሩ በውርጭ ነጣ፣ ሲባጎው ላይም አንድ ልጣጭ አልቀረም። አንድ ቀን እናቴ ከአስፋልቱ ዳር ብርቱካን ገዝታ መጣች። ወይ ጉድ! እኛ ቤት ብርቱካን ተገዝቶ አያውቅም። ልጣ ልጣጩን በርጥቡ በራድ ውስጥ ጨመረችው፤ ሲፈላም ወደ በሩ ዞር እንኳን ሳትል ቆርቆሮዋን ከፍታ ቅጠሉን ዘገነች።

«እማ፣ አባዬስ?»

«ተሟልተናል፣ ልጄ። ጠጪ።»

ጠጣሁ። ስኳሩ በዝቶ ነበር፣ እኔ ግን እንባዬን መመለስ አቃተኝ። አባቴ እንደማይመጣ ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ቡራዩ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። የፈላ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ እገለብጣለሁ፣ የሻይ ከረጢት እነክራለሁ፣ የምጠብቀው ሰው የለም። እናቴ ግን ያው ሱሉልታ፣ ያው ቤት ናት። ባለፈው ቅዳሜ እመጣለሁ ብያት ዝናቡ ሲያስጠላኝ ደወልኩላት።

«እማ፣ ዛሬስ አልሆነልኝም።»

የበራዱ ክዳን ሲንቀጫቀጭ በስልኩ ይሰማኛል።

«ኧረ ችግር የለም፣ የኔ ልጅ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «እንግዲህ ቅጠሉን ልጨምረው?»

ያኔ በሩን የምናየው ሁለት ሆነን ነበር፤ አሁን ብቻዋን ናት።

«ቆይ፣ አትጨምሪው!» አልኳትና ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ።