ሳተላይቶቹ ያላዩት ጉድጓድ

አባቴ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም ይሸጣል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሳተላይት መረጃ እተነትናለሁ። አንድ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ፣ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሥራዬን አስረዳሁት። ሁለት ሳተላይቶች ተከታትለው ምድርን ይዞራሉ። ከበድ ያለ ቦታ ሲቃረቡ ፊተኛው ቀድሞ ይሳባል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም በጥቂቱ ይሰፋል። ያንን እየለካን የምድር ስበት ከወር ወር የት እንደጨመረ፣ የት እንደቀነሰ እናውቃለን። የሚለዋወጠው በአብዛኛው ውሃ ነው።

«ከመሬት በታች ያለውንም ያያል?» አለኝ።

«እሱንም፣ አባባ።»

ወዲያው አጎቴን አነሳ። ታናሽ ወንድሙ ወሎ፣ የተወለዱበት መንደር ይኖር ነበር። ምንጩ ስለደረቀ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ለመቆፈር አስቦ ያመነታ ነበር።

«እስቲ የኛን አገር እዪልኝ።»

ስልኬ ላይ ካርታውን ከፈትኩ። ክረምቱ ጥሩ ስለነበር አካባቢው ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። «ውሃው ጨምሯል» አልኩት። ጭማሪው የላይኛው አፈር እርጥበት ሊሆን እንደሚችል አውቅ ነበር። ካርታው አንድን ግቢ ለይቶ እንደማያሳይም አውቅ ነበር። ፊቱ ሲፈካ ሳይ ግን ዝም አልኩ። እዚያው ደወለለት።

«ቆፍር። ልጄ በሳተላይት አይታዋለች።»

አጎቴ ቆፈረ። ውሃ ሲያጣም አላቆመም፤ አለ ተብሏላ። አንድ ቀን ጠዋት ጉድጓዱ ተደረመሰበት። ጎረቤት ተረባርቦ ሲያወጣው ነፍሱ አልነበረችም። ቀብሩ ላይ አልደረስንም።

መሳለሚያ ባለው ቤታችን ለቅሶ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲቀንስ አባቴ አጠገብ ሄድኩ።

«አባባ፣ ካርታው አንድ ግቢ አያሳይም። ያን ቀን ልነግርህ ይገባ ነበር።»

«ምን ያህል ቦታ ነው የሚያሳየው?» አለኝ።

«ከደሴ እስከ እዚህ የሚያክል፣ ባንድ ላይ።»

«ታዲያ ለምን ውሃ አለ አልሽኝ?»

«ደስ ሲልህ አይቼ።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ድሮ ለደንበኞቹ «ልጄ ከሰማይ ሆና ውሃ ታያለች» ይል ነበር። አሁን ሲጠይቁት «የመንግሥት ሠራተኛ ናት» ብሎ ቅመሙን ይመዝናል።

የአጎቴ ሚስት ጉድጓዱን አስደፍናዋለች። እኔም በየወሩ አዲስ መረጃ ሲመጣ፣ ካርታው ምን እንደማያሳይ ከሥሩ እጽፋለሁ። ወሎ ላይ ስደርስ «አንድ ግቢ ለይቶ አያሳይም» ብዬ እጨምራለሁ።