ድንጋይ የከመርንበት ጉድጓድ

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ ከሰመራ ወደ ዲቾቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የፊት ጥርሴ በነበረበት ክፍተት ምላሴ በገባ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ያደግኩት አዋሽ ነው፤ አባቴ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። እኔ ደግሞ መሬት ቀስ በቀስ ወደየት እያዘነበለ እንደሆነ የሚለካ መሣሪያ እተክላለሁ። በእኛ በኩል መሬት ከመሰንጠቁ ወይም እሳት ከመትፋቱ በፊት፣ ዓይን በማያየው መጠን ሊያዘነብል ይችላል። መሣሪያው ግን አመለኛ ነው፤ ፀሐይ ቢመታው ይዛባል፣ ሰው አጠገቡ ቢረግጥ ይዛባል። ስለዚህ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነውና፣ ሙቀቱን እንዲከላከል ከላዩ ጥቁር ድንጋይ ከመርንበት።

ከወራት በኋላ እኔና ሾፌሩ ሰይድ ልናየው ስንመለስ፣ ክምሩን ከበው የቆሙ ሰዎች አገኘን። አፋር መንገደኛ ሲያገኝ ሰላም ብሎ ወሬ ሳይጠያየቅ አያልፍም። እነዚህ ግን ሰላምታችንንም አልመለሱም።

ሐመዱ የሚባል ረጅም ሰው ኮሌታዬን ጨምድዶ ያዘ።

«ማንን ነው የቀበራችሁት?»

በኋላ እንደሰማነው፣ ወንድሙ ያዮ ግመል ፍለጋ ወጥቶ ጠፍቶ ኖሯል። የጭነት መኪና ገጭቶ ገድሎት ሬሳው ተደብቋል የሚል ወሬ ነበር። በዚህ ላይ እንግዳ ሰዎች ቆፍረው ድንጋይ ሲከምሩ ታዩ የሚል ተጨመረ። እዚያ አገር ደግሞ ድንጋይ የሚከመረው በሙት ላይ ነው። እኛ ስንከምር ይህ ለአንዳችንም አልታየንም።

«ሰው አይደለም፣ መሣሪያ ነው» አልኩ። ወዲያው አንዱ ከክምሩ ድንጋይ ሊያነሳ ሲያጎነብስ አፌ ቀደመኝና «አትንካ!» ብዬ ጮህኩበት። የወራት ልፋቴ ሊበላሽ ነው ብዬ ነበር። ለእነሱ ግን ነፍሰ ገዳይ የደነገጠ መሰላቸው።

ዱላ አፌ ላይ አረፈ። ወደቅሁ። ጎኔን በእርግጫ፣ ጀርባዬን በድንጋይ አሉኝ። ሊከልለኝ የገባው ሰይድ እጁ ሲሰበር ቀጭ ሲል ሰማሁት። ሐመዱ ጊሌውን፣ ያን ቆልማማ ጩቤ፣ መዞ አንገቴ ላይ አሳረፈው። አለቀልኝ አልኩ።

«ወላሂ ሰው የለበትም!» አለ ሰይድ መሬት ላይ እንደተንጋለለ። «በአላህ ይዣችኋለሁ፣ መጀመሪያ ክፈቱትና እዩ!»

ሐመዱ እኔን ለሌሎቹ ወርውሮ ክምሩ ላይ ወደቀበት። ፀሐይ ያጋለውን ድንጋይ በባዶ እጁ ይፈነቅል ጀመር። ጣቶቹ ደሙ። «ያዮ! ያዮ!» እያለ ይጣራል። ሽቦውን በጠሰው፣ ብረቱን ነቅሎ ጣለው፣ እጁን እስከ ብብቱ አስገብቶ ታቹን ዳበሰ። ከዚያ በጉልበቱ እንደተንበረከከ ቀና ብሎ አየኝ።

«ታዲያ ወንድሜ የት ነው?»

የያዙኝ እጆች ለቀቁኝ። ሰይድን አቅፈው መኪና ላይ ያወጡት የመቱን ሰዎች ናቸው።

በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ታረቅን። ዛሬ አካባቢውን ሳናማክር አካፋ አናነሳም፤ ድንጋይም አንከምርም። ንዴቱ ወጥቶልኛል ብል ግን እዋሻለሁ። ዱላ የያዘ ሰው ሳይ አሁንም አፌን በእጄ እከልላለሁ።

ያዮ እስካሁን አልተገኘም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሐመዱ መኪናውን ያስቆምና፣ ብዙ አገር ስለምዞር አይቼው እንደሆነ ይጠይቀኛል። «አላየሁም» ማለት ከዱላው ይልቅ ያመኛል።