ቢላዋ ያዡ የቀረበት አደን

ሥራ በገባሁ ቀን አለቃዬ አቶ መኮንን የሰጡኝ ጠመንጃ አይደለም፤ አመድ ነው። በስስ ጨርቅ የተቋጠረ አመድ። «ነፋስ የምታይበት ነው፣ እንዳትጥለው» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ቋጠሮውን መታ ሲያደርጉት አመዱ ወደ በሩ በረረ። «አጋዘኑ በሩ ጋ ቆሞ ቢሆን ኖሮ አሽትቶህ ሄዶ ነበር። አንተ ደግሞ ትሸታለህ» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ልብሴ የባሕር ዛፍ ጭስ ጠጥቶ ነበር። ያኔ ጉለሌ የማይሸት ሰው ካለ እንግዳ ነው።

ዕቃ ቤታችን ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ነበር። ድርጅቱ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ግሪክ ነበር ይባላል። ደርግ ሲወርሰው ስሙ ረዘመ እንጂ የድንኳኑ ቀዳዳ አልተደፈነም። ሥራችን የውጭ አገር አዳኝ ተቀብለን፣ ፈቃዱን አስጨርሰን፣ አርሲ ተራራ ላይ ወስደን የደጋ አጋዘን ማስመታት ነው። እኔ በጫኝነት ገባሁ፣ ዱካ ተከታይ ሆንኩ፣ አቶ መኮንን ጡረታ ሲወጡ ደግሞ አዳኝ መሪ ተባልኩ። ደመወዙ እንደ ስሙ አልረዘመም።

አደን ማለት ተኩስ የሚመስለው ብዙ ነው። ተኩሱ አንዴ ዷ ብሎ ያልቃል፤ ሥራው ዕቅዱ ነው። አጋዘኑ ጠዋት የት እንደሚግጥ፣ ፀሐይ ስትበረታ የትኛው የአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ እንደሚተኛ፣ ነፋሱ መቼ ቁልቁል ወርዶ መቼ ሽቅብ እንደሚወጣ ቀድመህ ታውቃለህ። ከዚያ ደግሞ ሰው አለ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ፈቃድ የያዘ ሁሉ ይገባል። ነገር ግን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ፊቱን ካዞረብህ በቅሎ የሚያከራይህም፣ ውሃ የሚያሳይህም የለም።

ደንቡ ይህ ነው፦ ቀንዱና ቆዳው የአዳኙ፣ ሥጋው የአገሬው። አገሬው እስላም ነው፤ እንስሳው ትንፋሹ ሳይወጣ እስላም ካላረደው አይበላም። ስለዚህ ኑሪ ነበረን። ኑሪ ቆዳ ገፋፊያችን ነው፣ ቤቱ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ። ሰውየው በመንገድ ሲሄድ ኤሊ ይቀድመዋል። ተኩስ ሲሰማ ግን ከጥይቱ ቀጥሎ የሚደርሰው እሱ ነው።

አሁን ወደምነግራችሁ አደን ልግባ። ደንበኛው ሲኞር ካርሎ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያን ነበር። እኔ የጋራዥ ጣሊያንኛ ስለምችል አስተርጓሚ አላስፈለገንም። እንደ ልማዳችን በመጀመሪያው ጠዋት እንጦጦ አወጣነው። ይህን የምናደርገው ለጉብኝት አይደለም፤ የደንበኛው ትንፋሽ እስከ የት እንደሚሄድ አይተን ዕቅዱን በዚያ ልክ ለመቁረጥ ነው። ሲኞር ካርሎ ግማሽ ሳይደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አጠገባችን ደረሱ። አንዷ ከነሸክሟ ቆማ አየችውና «ወንድም ጋሼ፣ ይኸ ሰውዬ ከቅጠሌ አይከብድም፤ ላውርድልህ ወይ?» አለችኝ። ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። እግዜር ያበርታህ አለች አልኩት።

እንግዲህ በእሱ ትንፋሽ ልክ አቀድኩ። ሰፈራችንን ከፍ ካለ ቦታ አድርጌ፣ ጠዋት ጠዋት ሽቅብ ሳይወጣ በተራራው ወገብ ብቻ እንዲራመድ። ጊዜውን ወርኃ አጨዳ አደረግኩት፤ ሰማዩ ጥርት ይላል። ሁሉም አለቀ ስል የድርጅቱ ካድሬ ጓድ ጀማል ስብሰባ ጠራ።

ጓድ ጀማል መጥፎ ሰው አልነበረም። ወጣት ነው፣ ሥራ ይወዳል፣ የሰው ገንዘብ አይነካም። አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት፤ ሁለት ሰው ቆሞ ካየ ንግግር ያደርጋል። ንግግሩ ደግሞ ከየትም ቢነሳ ማለቂያው ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው የሚለው ላይ ነው።

የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባ ሥራ ያለ ቁጥጥር አይሄድም፣ እኔ ራሴ አብሬ እሄዳለሁ አለ። ላንድሮቨራችን ከፊት ሾፌሩን ወርቁን፣ ደንበኛውንና እኔን ትይዛለች። ከኋላ ድንኳኑና ቤንዚኑ ሲጫን የሚተርፈው የአንድ ሰው ቦታ ነው።

«ኑሪ የት ይቀመጣል?» አልኩት።

«ይቀራል። ቆዳውን አንተ ትገፋለህ።»

«ቆዳውን እገፋለሁ። አንገቱን ማን ይቆርጣል? ሰዎቹ እኔ የባረክሁትን አይበሉም።»

«ሰፊው ሕዝብ ሥጋ በሃይማኖት አይመርጥም፣ ጓድ ተካ።»

«እሺ፣ ሰፊው ሕዝብ ራሱ ይንገርዎት» አልኩና ተቀመጥኩ። ወርቁ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ኑሪ ቢላዋውን ከነአፎቱ ሰጠኝና ቤቱ ገባ።

አርሲ ስንደርስ ሊቀ መንበሩ ኦቦ ቃሲም ከገብስ ማሳው ወጥቶ መጣ። መኪናውን ዞሮ አየ። ከኋላ ድንኳኑን ገለጥ አድርጎ አየ። ሰላምታ ሳይጨርስ ኑሪ ታመመ ወይ አለኝ። ደኅና ነው፣ ቦታ ጠቦት ነው አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ባለፈው ዓመት ሌሎች አዳኞች መጥተው፣ ሳይታረድ የሞተ አጋዘን ጥለው ሄዱ፤ ጅብ በላው። ሕዝቡ ሊቀ መንበሩን በስብሰባ ላይ አቁሞ ጠየቀው። «ዘንድሮም ሥጋው ሐራም ሆኖ ከወደቀ፣ እናንተም መምጣታችሁ በዚሁ ያበቃል። ማኅበሩ ወስኗል» አለ። አንድ ሰው ስጠን ብንለው አጨዳ ነው፣ የሚተርፍ እጅ የለኝም አለ።

ይህ ጫካ ለእኛ ጫካ ብቻ አልነበረም። ሌላ አጋዘን ያለበት መሬት አልነበረንም። እሱ ከተዘጋብን የጉለሌው ዕቃ ቤት ተቆልፎ እኔም ወርቁም ኑሪም እቤታችን ነን።

ኦቦ ቃሲም ሊሄድ ሲል ወደ ካድሬው ዞረ። «አንተ ማን ትባላለህ?»

«ጀማል።»

«የማን ልጅ?»

«የሐሰን።»

«ታዲያ ምን አስጨነቃችሁ?» አለና ኦቦ ቃሲም ወደ ገብሱ ተመለሰ።

ያን ዕለት ንግግር የለም። ድንኳን ስንተክል ጓድ ጀማል ካስማውን አርባ ጊዜ ሳተው። በኋላ ጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። እኔ ይህን ነገር ትቻለሁ፣ በስንቱ መድረክ ተናግሬበታለሁ፣ አሁን ቢሰማ ምን እባላለሁ አለኝ። መድረክ ላይ ያየሁት ሰው አልነበረም፤ እውነትም ፈርቷል።

«የተውከውን አላውቅም» አልኩት፤ አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። «የኑሪን ቦታ ይዘህ መጥተሃል። ቢላዋው ይኸውልህ።»

ወርቁ ከእሳቱ ዳር ሆኖ እኔ ሾፌር ነኝ፣ የማየው መንገድ ብቻ ነው አለ።

በነጋታው ጓድ ጀማል አብሮን ወጣ። አዲስ ካኪው ሲራመድ እንደ ደረቅ ቆዳ ይንኳኳል፣ ጫማው ይጮኻል። አጋዘኖቹ ገና ከሩቅ ሰምተውት ጆሯቸውን አቀኑና ሄዱ። ሲኞር ካርሎ ይኸ ሰው ለማን ነው የሚሠራው፣ ለእኛ ወይስ ለአጋዘኑ አለኝ። ለካድሬው ተረጎምኩለት፤ ይህን እንኳ አልዋሸሁም። ጓድ ጀማል ካኪውን በወርቁ አሮጌ ሹራብ ቀየረ፣ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ሆነ። በዚያ ውርጭ በካልሲ የሄደ ካድሬ እኔ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሌላ ቀን ደግሞ ቀንዱ ያልጠና ጎረምሳ አጋዘን ፊታችን ቆመ። ሲኞር ካርሎ ሊተኩስ ሲል አፈሙዙን በእጄ ዝቅ አደረግኩበት። ተቆጣ። ይቆጣ፤ ፈቃዱ የሚለው ትልቅ ወንድ ነው።

በመጨረሻ አንድ ማለዳ ነፋሱ ቁልቁል እየወረደ፣ ማዶው ተረተር ላይ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ወጣ። ቀንዱ ተጠማዞ ጫፉ ነጥቷል። ሲኞር ካርሎ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅኩት። ተኮሰ። አጋዘኑ ጥቂት ሄዶ አስታው ውስጥ ወደቀ።

«ሩጥ» አልኩ።

ጓድ ጀማል በካልሲ ሸለቆውን ወርዶ ወጣ። ኑሪ እንኳ እንዲያ አልሮጠም። እኔ ጉልበቴን እየረገምኩ ስደርስ ተንበርክኳል፤ ቢላዋው ወጥቷል፣ አጋዘኑ ይተነፍሳል። ማንም ሳይነግረው የእንስሳውን አንገት ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዙሮታል። ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሽ ተካ፣ ዞር በልልኝ።»

ዞር አልኩ። ጆሮዬን ግን ማን ያዞረዋል። ቢስሚላህ ሲል ሰማሁት። መድረክ ላይ ከሚናገርበት ድምፅ በጣም ያነሰ፣ ግን የበለጠ የራሱ የሆነ ድምፅ ነበር። ቢላዋው አንዴ ነው የሄደው።

ኦቦ ቃሲም ከሰዎቹ ጋር መጥቶ የተቆረጠውን አየ። ከዚያ ጓድ ጀማልን አየውና «አልክ?» አለው።

«አልኩ።»

ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ሥጋውን ተከፋፍለው በበቅሎ ጫኑ፤ ጉበቱን እዚያው ጠበሱ። ሽማግሌዎቹ ለጓድ ጀማል ቅድሚያ ሰጡት። እኔና ወርቁ ክርስቲያኖች ነን፣ የጥብሱ ሽታ እየመጣብን በሶ በጠበጥን። ሕዝቡ እንዳይከፋው ነው የምበላው አለኝ ጓድ ጀማል። ሕዝቡ ደጋግሞ እንዳይከፋው ሲጠነቀቅ አየሁት።

ስንሄድ ኦቦ ቃሲም ለከርሞም ኑ አለን። ያን ጊዜ ነው ትከሻዬ የቀለለኝ።

አዲስ አበባ ሪፖርት ሲያደርግ ጓድ ጀማል ሥራው ከሰፊው ሕዝብ ጋር በመቀናጀት ተከናወነ አለ። ውሸት አይደለም። እኔም ወርቁም ጣሪያ ጣሪያውን አየን።

አደን የምታቅዱ ልጆች፦ ነፋሱን፣ ውሃውን፣ የደንበኛውን ትንፋሽ አስቡ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ሥጋውን ማን እንደሚበላ ጠይቁና፣ የሚበላው ሰው የሚያምነውን አራጅ ይዛችሁ ሂዱ። ለአራጁ ቦታ ከሌለ መኪናው አይነሳ።