አረቄውን ሲተው እኔ ቤሩት ነበርኩ

ነገ ልሄድ ዛሬ አመሻሹ ላይ ጌታነህ ሰክሮ ገባ። ጌታነህ ባሌ ነው። እኔ ልብሴን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ፣ ሦስቱ ልጆቼ ምድጃው ዳር ተኮልኩለው ያዩኛል፣ እሱ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባና "መንገዱ ወዴት ነው?" አይለኝም! ስንት ጊዜ ተነግሮታል! "ቤሩት" አልኩት። "መቼ ትመለሻለሽ?" አለኝ። "አረቄውን ስትተው" አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ከነጫማው መደቡ ላይ ተዘረረ፤ ባና ደረብኩበት። የከተማችን የመሐል ሜዳ ብርድ ሰካራም ነው ብሎ አይምርም።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ "ሦስት ልጅ ጥላ እንዴት ሄደች" ስትሉ እሰማለሁ። ስሙኝ እስቲ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የፈረዱት ምን ነበር መሰላችሁ? "አባትየው አልሆነም፣ እሷም ብቻዋን አትችልም፤ ትልቋ ዘመሮ ለሚኖረው አጎቷ ትሰጥ፣ መካከለኛው ለአያቱ፣ ትንሹ ለክርስትና እናቱ።" ልጆቼን እንደ ቅርጫ ሥጋ ሊከፋፍሏቸው! "ሞቼ ነው!" አልኩ። የጌታነህ ታላቅ እህት፣ ዘነበች፣ ራቤል ከተማ ነበር የምትኖረው፤ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። "እኔ መጥቼ ቤቱን እይዛለሁ፣ አንቺ ሂጂና ሠርተሽ አብሊያቸው" አለችኝ። ልጆቼ አንድ ላይ እንዲያድጉ የወጣሁት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት "እትዬ" እላታለሁ፤ በሆዴ ግን ዘነበች ናት፣ እዚህም እንደዚያው ብጽፋት አትፍረዱብኝ።

አዲስ አበባ ደላላው ወረቀቴን እንደ ልቡ አስሞልቶት ኖሮ፣ አውሮፕላን ማረፊያው መስኮት ጋ የተቀመጠው ሰውዬ አየኝ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና አየኝ።

"ያላገባሽ ነሽ?"

"ምነው፣ ሦስት ልጅ አለኝ እንጂ!"

"እዚህ ያላገባች ነው የሚለው።"

"እንግዲህ ወረቀቱ ከኔ ተሽሎ ተገኘ ማለት ነው።"

"ባልሽ ምን ይሠራል?"

"ጌታዬ፣ ባል የለሽም ካሉኝ በኋላ ሥራውን ምን ያደርጉለታል?"

ሰውዬው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ማኅተሙን መታልኝ። እኔ ግን እስከ አውሮፕላኑ ድረስ አለቀስኩ።

ቤሩት ሙቀቱ ሌላ ነው። እኛ በሰኔ ጋቢ ስንደርብ እዚህ ቆሞ መዋል ራሱ ላብ በላብ ያደርጋል። ዳቦአቸው ስስ ነው፣ ነጠላ የሚያጣጥፉ ነው የሚመስለው፤ ብትበሉት ብትበሉት ሆድ አይደርስም። የገብስ ቂንጬ አማረኝ ብላችሁ ለማን ትነግራላችሁ? "ያላ! ያላ!" ይሏችኋል፣ ቶሎ በይ ማለታቸው ነው። ደግሞ ደህና አደርሽ ሳይሉ ነው ያላ የሚሉት።

አረቄ ሸሽቼ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ፣ በመጀመሪያው እሁድ ሚስተር፣ የአሠሪዬ የማዳም ባል፣ ጠርሙስ አወጣ። እንስላል እንስላል ይሸታል። ዓረቅ ይሉታል፣ ስሙ እንኳ ከኛው አረቄ አልራቀም። ውኃ ሲጨምርበት እንደ ወተት ነጣ። አሁን ጠረጴዛው ይገለበጣል፣ አሁን ብርጭቆ ይወረወራል ብዬ ሳህኑን ሁሉ ሰብስቤ ታቀፍኩት። ማዳም "ሹ ቢክ?" አለችኝ፣ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። ሚስተር አንድ ብርጭቆ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ጠርሙሱን ከደነው። ከደነውኮ! ከድኖት ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ሰው በወርቅ ይቀናል፣ በመኪና ይቀናል፤ እኔ በዚያች ክዳን ቀናሁ። ማዳምን ያን ቀን እንዴት እንደጠላኋት! ምን ሠርታ ነው እግዜር እንዲህ ያለ ባል የሰጣት?

ሞባይል ያኔ አገራችን ገና መግባቱ ነው። ዘነበች አንድ ገዝታ ኖሮ፣ እኔም ማዳም ደስ ባላት ቀን እደውላለሁ። አንድ ቀን ትልቋ ልጄ ሰናይት አነሳች።

"እማዬ፣ አባዬ ጠበል ገባ!"

"ማን አስገባው?"

"እቴቴ።"

እቴቴ የምትላት ዘነበችን ነው። ልጄ እየሳቀች አወራችኝ። አክስትየው የጋቢውን ጫፍ ከመቀነቷ ጋር ቋጥራ ነው አሉ በየማለዳው ሚካኤል ጠበል የምትወስደው፣ መንገድ ላይ አረቄ ቤት ሾልኮ እንዳይገባ! አረቄ ሻጯ በሯ ላይ ቆማ "ዘነበች፣ ሰውዬውን እንደ ገበያ በግ ጎትተሽ ልትሸጪው ነው?" ብትላት፣ "አንቺ ቆዳውን ገፈሽ ጨርሰሽው ማን ይገዛኛል!" አለቻት አሉ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ጌታነህም ሳቀ አለችኝ ሰናይት። "እማዬ፣ ደግሞ እቴቴ ሱፍ አስፈትላዋለች፣ እጁ ሥራ እንዳይፈታ ብላ። ያባዬ ፈትል እንደ ገመድ ነው የሚወፍረው!"

ወንድ ልጅ እንዝርት ይዞ! ጌታነህ! እሰይ አልኩ፣ በአፌ። ሆዴ ግን አረረ። እኔ ስንቴ ለምኜው፣ ስንቴ ተስዬ፣ ስንቴ እግሩ ላይ ወድቄ እምቢ ያለኝን ለእህቱ እሺ አላት። የሰከረውን እኔ ተሸክሜ ኖሬ፣ ያልሰከረውን እሷ ታግኘው? መቀነቷስ? የኔን ባል ከመቀነቷ ቋጥራ ትሂድ? እህቱ ናት፣ አውቃለሁ። ቅናት እህት ናት ቢሉት የት ይሰማል።

የባሰው ደግሞ የማኅበሩ ነው። እኛ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞች ነን። በየወሩ ተረኛው ቤት እንሰበሰባለን፣ ጽዋው በጠላ ተሞልቶ ከሰው ሰው ይዞራል። ጌታነህ ከዚያ በፊት ሊተው በሞከረ ቁጥር የጣለው እሱ ጽዋ ነው። "አንድ ጽዋማ የመልአኩ ነው፣ አይጎዳህም" ይሉታል፤ በክፋት አይደለም፣ እምቢ ማለት መልአኩን እምቢ ማለት ይመስላቸዋል። ከዚያ ጽዋ በቀጥታ አረቄ ቤት ነው። ተራው እኛ ቤት ሲደርስ ዘነበች የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄደች።

"አባቴ፣ ሚካኤል ብርዝ ይጠላል እንዴ?"

"ኧረ ማር በውኃ ተበጥብጦ ምን ይጠላበታል፣ ልጄ!"

"እንግዲያው እኛ ቤት ጽዋው ብርዝ ነው። አይሆንም የሚል እርስዎ ዘንድ ይምጣ።"

ማኅበርተኛው ሁሉ አጉረምርሞ ብርዙን ጠጣ። ጽዋው ጌታነህ ጋ ሲደርስ እንደማንም ሰው ብድግ ብሎ ተቀበለ፣ ተጎነጨ፣ ለሚቀጥለው አሳለፈ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ አሉ። እነዚያው ልጆቼን ሊከፋፍሉ የነበሩት! ከዚያ ተነስተው ዘነበችን መረቋት። ማድጋው የኔ፣ ጽዋው የኔ፣ ባሉ የኔ፣ ምርቃቱ ለሷ! እኔ በዚያ ሰዓት የማዳምን መታጠቢያ ቤት እየፈገፈግሁ ነበር።

ዓመት አለፈው። አንድ እሁድ ስደውል አንድ ወንድ "ብርቄ" አለኝ። ስሜ ብርቅነሽ ነው።

"ማን ልበል?" አልኩ።

"ጌታነህ ነኝ።"

እመብርሃንን፣ አላወቅሁትም! አንደበቱ ጥርት ብሏል፣ እንደ ቄስ ተማሪ። ያገባሁት ሰው እንዲህ ነበር ለካ ድምፁ? "ብርቄ" አለኝ፣ "ቀኖናዬን ጨርሻለሁ። አባ ቁረብ ብለውኛል። ብቻህን ግን አይሆንም፣ ከሚስትህ ጋር ነው አሉኝ።" መጀመሪያ የመጣብኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ዘነበች እዚህ ላይ አትተካኝም የሚል ደስታ! ልቤ ዘለለ። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ቀዝቃዛ ነበር። አብረው የቆረቡ አይፋቱም፤ ዳኛም ሽማግሌም አይለያያቸውም። እሺ ብዬ ብቆርብና መልሶ ቢጠጣስ? እስከ መቃብሬ የኔ ነው።

ሆኖም ማዳምን ጠየቅኋት።

"ማዳም፣ አገሬ ልሂድ። ባሌ ድኗል።"

"ድኗል? ሰው ሲታመም ነው የሚኬደው። ሲድን ምን ያደርጋል?"

"ስለዳነ ነዋ የሚያስቸኩለኝ። መልሶ ሳይታመም ልድረስበት።"

"ሲታመም ንገሪኝ፣ ያኔ እናያለን" ብላኝ ሄደች። ፓስፖርቴ እሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ኮንትራቴም አላለቀም። ሌላ መስሪያ ቤት የለኝ አቤት የምልበት። መክተቡ፣ ያስመጣኝ ቢሮ፣ ስደውልለት "ሀቢብቲ፣ ታገሺ" ይለኛል። ሀቢብቲ ውዴ ማለት ነው። ይኸውላችሁ ለውዱ የሚያደርገው።

ኮንትራቱ ሲያልቅ ደግሞ ላድስ ወይስ ልግባ? እንቅልፍ አጣሁ። ማንን ልጠይቅ? ጌታነህ ድሮም "ትቻለሁ" ማለት ይችልበታል። ሰናይት ልጅ ናት። እውነቱን የምታውቅ አንዲት ሰው ናት፣ ያቺው የምቀናባት። ማዳም ለቅሶ ቤት በሄደችበት ቀን ደወልኩላት።

"እትዬ፣ በሚካኤል ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ትቷል?"

ከኋላዋ ልጆቼ ይንጫጫሉ፣ ሦስቱም፤ ድምፃቸውን ለየሁት።

"ቀን ቀንማ ትቷል" አለችኝ።

"ሌሊትስ?"

"ሌሊት ጥሙ ይመጣበታል። ላብ ያጠምቀዋል። አይነሳም፣ በር አይከፍትም፤ ብቻ ይጣራል።"

"ማንን?"

"ማንን ይጠራል ብለሽ ነው! ብርቄ፣ ብርቄ ይላል። ልጆቹ እንዳይነቁ እኔ ከመደቤ ላይ ሆኜ አቤት እለዋለሁ። አቤት ካሉት ዝም ብሎ ይተኛል።"

"የማን ድምፅ ይመስለዋል?"

"ያንቺ ነዋ። እኔም ቀጠን አድርጌ ነው የምለው።"

ስሜን መጥራቱ ሊያስደስተኝ በተገባ። እኔ ግን በዚያች አቤት ቀናሁ፣ በክዳኑም በመቀነቱም እንደዚያ አልቀናሁም። ሌሊት ሌሊት የኔን ቃል እየወሰደች!

"እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሲጣራ አቤት እንዳትይው" አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ድክም ባለ ድምፅ፣ ምንም ክፋት ሳይኖራት፣

"ታዲያ ማን ይበለው?" አለችኝ።