ወደ ግድግዳ የዞሩ ወንበሮች

ወንበር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ስሰማ፣ ጀጎል ውስጥ የተማርኩበት አምስተኛ ክፍል ድቅን ይልብኛል።

እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩት ከሴቶች ጋር ብቻ ነበር። እዚያ «እኔ! እኔ!» እያልኩ መልስ የምቀማ ልጅ፣ ወንዶች ያሉበት ክፍል ስገባ ምላሴ ተሳሰረ።

አንድ ቀን መምህራችን እትዬ አስካለ የክፍልፋይ ሂሳብ ሰሌዳ ላይ ሠርቼ እንዳስረዳ አስወጡኝ። ጠመኔው በእጄ ላብ ራሰ። ወንዶቹ ሳቁ።

«ወንዶች፣ ወንበራችሁን ይዛችሁ ወደ ግድግዳ ዙሩ!» አሉ እትዬ።

እያጉረመረሙ ዞሩ። እኔም ለሃያ ማጅራት ክፍልፋይ አስረዳሁ። ስጨርስ እትዬ ጎንበስ ብለው፣ «ለእኔማ በአንቺ ዕድሜ ማንም አላዞረልኝም» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ እያስወጡኝ፣ አንድ አንድ ረድፍ ወደ እኔ ይመልሱ ነበር። የመጨረሻው ረድፍ መቼ እንደተመለሰ ልብ እንኳ አላልኩም።

አሁን አቦከር ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ዛሬ ከሴቶች ትምህርት ቤት የመጣች አዲስ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆማ የራሰ ጠመኔዋን በቀሚሷ ስታደርቅ አየሁ።

«ወንዶች፣ ዙሩ!» አልኩ።

ወንበሮቹ ተንጓጉ። አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ። ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብዬ፣ «ለእኔ ያዞረልኝ ሰው ነበር» አልኳት።