በሽታውና ምርጫው በአንድ ደጅ

ከሐይቅ ወደ መቀሌ የተነሳሁ ሌሊት እናቴ በሶ ስትቋጥርልኝ አልተኛችም። ባሌ ግንበኛ ነው፤ መቀሌ ሥራ አለ ተብሎ ቀድሞኝ ሄዷል። ስደት አይደለም፣ ማዶ ነው እያልኩ ተሳፈርኩ። አላማጣን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ግን መኪናው ሙሉ በማላውቀው ቋንቋ ሲያወራ ሰማሁና ምነው በቀረብኝ አልኩ።

መቀሌ አልከፋችብኝም። ቀዳማይ ወያነ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ በርበሬና ቅመም እየቸረቸርኩ ሁለት ሴት ልጆች አሳደግሁ። ነፋሱ ግን ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። ሐይቅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ከውሃው የሚነሳው ጉም ፊት ያርሳል። እዚህ ያ የለም።

ኮሮና ሲመጣ ልጆቼን ከደጅ ከለከልኩ። የበሩን እጀታ በበረኪና ስወለውል እውላለሁ። ሬዲዮው እጃችሁን ታጠቡ ይላል፤ ቧንቧችን ውሃ ካየ ሰንብቷል። በዚያው ሰሞን እናቴን ስኳሩ ጠናባት። መንገድ ተዘግቷል። ዓይኗን ልየው ብዬ የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ።

«ሓፍተይ፣ በሽታ ነው፤ ማንም አይንቀሳቀስም» አለኝ ሰውዬው፣ እህቴ ማለቱ ነው።

«እናቴ ታማብኝ ነው።»

«ታዲያ ሄደሽ ልትጨምሪላት ነው?»

እውነቱን ነው ብዬ ተመለስኩ። መስጊዱም ተዘግቶ ረመዳንን ቤታችን ሰገድን።

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ያሉት ምርጫውን በበሽታው ምክንያት አራዝመነዋል አሉ፤ እዚህ ያሉት ደግሞ አይራዘምም፣ እንመርጣለን አሉ። ያው የቀበሌው ሰውዬ ማስክ አድርጎ በራችን ድረስ መጣ።

«ካርድ አልወሰድሽም እንዴ?»

«በሽታውስ?»

«ርቀትሽን ጠብቀሽ ትሰለፊያለሽ።»

«ርቀቴን ጠብቄ እናቴ ጋ ብሄድስ?»

ሳቀ። «እናትሽ አገርማ ምርጫ የለ!»

ለወንድሜ ለሰይድ በየሳምንቱ እደውላለሁ። «ደህና ናት፣ ተኝታለች» ይለኛል። መንገዱ ሲላላ ልነሳ ነው ስለው፣ «እታለም፣ ምርጫው ይለፍ። ትልልቆቹ ተኳርፈዋል፤ መመለሻ ብታጪ ልጆችሽስ?» አለኝ። ልጆችሽ ሲል የቋጠርኩትን ጓዝ ፈታሁ። ቀረሁ።

የምርጫው ዕለት መሬቱ ላይ በኖራ ክብ ተሰምሮ ሰው በየክቡ ቆመ። ረፋድ ላይ ኖራው ተረግጦ ጠፋ፤ ትከሻ ለትከሻ ሆንን። ብቀር ምን ይሉኛል ብዬ እኔም አፌን በነጠላ ሸፍኜ ተሰልፌ ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። አከራዬ ኣደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የገበያ ሴቶች፣ የመስጊዱ ሽማግሌዎች። ማንም ሳይናገር አወቅሁ።

«አጆኺ ጓለይ፣ በርቺ ልጄ» አሉና አቀፉኝ።

እናቴ የሞተችው በረመዳን ነው። ሰይድ መርዶ በስልክ አይነገርም ብሎ ለኣደይ ለተብርሃን አደራ ሰጥቷል። እሳቸው ደግሞ ሰው ሳይሰበሰብ መርዶ አይነገርም፣ መሰብሰብ ተከልክሏል ብለው በሆዳቸው ይዘውት ከረሙ። ያን ሁሉ ጊዜ ጠዋት ጠዋት «እናትሽ እንዴት አደሩ?» ይሉኝ ነበር።

«አሁን ተፈቀደ?» አልኳቸው።

«ያን ሁሉ ሕዝብ አሰልፈው እኛን ይህችን ታህል ሰው ማን ይከለክለናል?» አሉ እያለቀሱ።

ለቀስተኛው ሲበተን ለሰይድ ደወልኩ። ልወቅሰው ነበር፤ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ማን አጠባት?»

የእናትን ሬሳ የምታጥብ ሴት ልጅ ናት። እሷ ደግሞ ከእኔ ሌላ የላትም።

«ጎረቤቱ ፈራ። የማናውቃቸው ሴቶች መጥተው ነው ያጠቧት» አለኝ።

«በጓንት?»

«በጓንት፣ እታለም።»

«ኮሮና ነበረባት እንዴ?»

«ማን መረመራት?»

ቀጥሎ ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ፤ ደህና ናቸው አልኩት። መንገዱ አሁን ክፍት ነው አለኝ። ነይ አላለኝም። እኔም እመጣለሁ አላልኩም።